የሐጂ ቡና አልጄሪያ የገባ ዕለት

ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ ቶሎ መመለስ አልወድም። «ፕሮግራመር ነኝ» ያልኩ እንደሆነ ወዲያው ከኪስ ስልክ ይወጣና «እስቲ ይቺን እያት፣ ቻርጅ አልይዝ ብላኛለች» ይባላል። አክስቴ ለጎረቤት የምታስተዋውቀኝ እስከ ዛሬ «ኮምፒዩተር ይጠግናል» ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር በሥራ ዘመኔ አንድም ኮምፒዩተር ጠግኜ አላውቅም። ያበላሸሁት ግን አለ። ደግሞ ኮምፒዩተር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? እኔ የአንድ ሽማግሌ የቡና ማሳ ከነዋንዛው፣ ከነአጥሩ ከደዶ ነቅዬ ሰሜን አፍሪካ ያደረስኩ ሰው ነኝ። እስቲ አንድ ሲኒ ቅዱልኝና ላውጋችሁ፤ አቦሉ ላይ ከጀመርኩ በረካው ላይ እንጨርሳለን።

ነገሩ ሲጀመር የአንድ ቀን ሥራ ነበር። እንዲያውም የግማሽ ቀን። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ድርጅት ለቢሯችን ሥራ ሰጠ። ቢሯችን ስል ሦስት ሰዎች፣ አራት ወንበሮችና አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ማለቴ ነው። ሥራው የገበሬዎችን ማሳ በስልክ የሚመዘግብ አፕ መሥራት ነው። ለምን ቢሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አውጥቷል። ቡናም ሆነ ካካዎ፣ እንጨትም ሆነ ጎማ የምትሸጡልኝ ሁሉ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት አለመምጣቱን አሳዩኝ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 መሆኑ ነው። ማሳያው፣ ማሳው ከምድር ላይ የት እንዳለ የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ያላቸው። ስድስተኛዋ አሃዝ መሬት ላይ ስትለካ ግማሽ ስንዝር ብትሞላ ነው። ስልካችን ደግሞ ሰማዩ ጠርቶለት እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል። እንጨት በሚመዘንበት ሚዛን ወርቅ መዝኑ እንደ ማለት ነው፤ ግን ሕግ ነው። ይኸው ሕግ በ2024 ማብቂያ ይሠራበታል ተብሎ ነበር። ተገፋ። ከዚያም እንደገና ተገፋ። ይህን ስሰማ የሕጉ ጸሐፊዎች የሥራ ባልደረቦቼ መሰሉኝ፤ እኛም «ሰኞ ያልቃል» ስንል የትኛው ሰኞ እንደሆነ ተናግረን አናውቅም።

አፑን በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ገበሬዎቹን ለመመዝገብ ወደ ደዶ ከመሄዴ በፊት ሞክሬዋለሁ፤ ከቢሯችን ጀርባ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ስልኬን ከፊቴ ይዤ ዙሪያውን ዞርኩት። ጥበቃው «ወንድሜ፣ የወደቀብህ ነገር አለ?» አለኝ። መዞሩን ስጨርስ አረንጓዴ ምልክት ብቅ አለና «ተሳክቷል» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። «ተሳክቷል» የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔው ራሴ መሆኔን ልብ በሉልኝ። ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አንብቦ፣ ራሱ የሚደሰት ሠራተኛ ከእኛ ሙያ ውጭ ያለ አይመስለኝም። አፑ የሚያወጣውን ፋይል ከፍቼ አላየሁትም። ምን ሊሆን?

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤን ወርደን ወጥተን፣ ማታ ጅማ ገብቼ ፈረንጅ አራዳ አንድ አልጋ ያዝኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ ፓወር ባንክ፣ ስሙን የማላውቀው የገመድ ክምር አለ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለው ለእኔ ነው። ሌሊቱን ዋናው ስልኬ ያለ ማንም ፈቃድ ራሱን ሲያድስ አድሮ ጠዋት ስነሣ የገዛሁትን ፓኬጅ አንጠፍጥፎ ጠጥቶት አገኘሁ። ምን እንደተሻሻለ ብፈልግ ብፈልግ፣ የማንቂያ ደወሉ ምልክት ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተቀይሯል። እኔ ራሴ ለሰው ስልክ አፕዴት የምልክ ሰው ስለሆንኩ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ካርድ ሞላሁ።

ሸኪ የደዶ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጅማ ወደ ደቡብ። በሀይሩፍ ተሳፍሬ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ደረስኩ። መስከረም ነው፣ ጭጋጉ ከጋራው አልተነሣም፣ ብርዱ ደግሞ «ጃኬት ምን ያደርግልኛል» ያልኩትን ሰውዬ ፈልጎ ያገኘው መሰለኝ። ቀጠሮው በገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ነው። አፑ ለገበሬዎቹ ሁሉ መልእክት ልኳል፤ ራሱ፣ ያለ ሰው እጅ። በዚህም ኮርቻለሁ። ደጃፉ ላይ ግን አንዲት ፍየልና እኔ ብቻ ነበርን።

ከመጋዘኑ ትይዩ አንዲት ሴትዮ ቡና ያፈላሉ። ገብቼ በሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። «አካም ቡልታን» አልኩ፣ ከኦሮምኛ የማውቀውን ግማሹን በአንድ ጊዜ አውጥቼ። ሴትዮዋ በደንብ መለሱልኝ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስላልገባኝ ሳቅሁ። አንድ ሲኒ ጠጣሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ። ሁለተኛውን ጠጣሁ። አራት ሰዓት። ሦስተኛው ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አምስት ሰዓት ላይ በልቤ ገበሬውን መውቀስ ጀመርኩ። «እንዲህ ነው፣ ቀጠሮ የማያከብር ሕዝብ፣ በዚህ እኮ ነው አገር የማያድገው» እያልኩ አንድ ሙሉ ንግግር አዘጋጀሁ፤ ለቢሮ ባልደረቦቼ የምናገረው፣ ምናልባትም በሆነ ስብሰባ ላይ የምደግመው። ስድስት ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። ሴትዮዋ አዝነውልኝ ቆሎ ጨመሩልኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ንግግሬ ሦስት ክፍልና አንድ መደምደሚያ ነበረው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እንጂ ሩብ ጉዳይ አይደለም፣ ከላይም ከታችም በጭቃው መንገድ ጃንጥላና ጋቢ ብቅ ብቅ አለ። ማኅበርተኛው በሙሉ መጣ። አንድ የቀረ የለም። ከፊት የሚመሩት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ቀጭን ዘንግ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። ጨበጡኝና፣

«ልጄ፣ ብዙ አስጠበቅንህ?» አሉኝ።

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» አልኩ፣ ከንግግሬ የመጀመሪያውን ክፍል ፊቴ ላይ አድርጌ።

ሐጂ ከኮታቸው ኪስ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡ። ጎኗ በላስቲክ ታስራለች። መልእክቱን ፈልገው አሳዩኝ። «ስብሰባ ነገ 9:00» ይላል። «ዘጠኝ ሰዓት አይልም እንዴ?» አሉኝ በትሕትና፤ ዓይናቸው ደክሞ የተሳሳቱ መስሏቸው።

ይላል። ምን አባቱ ይላል! እኔው ነኝ የጻፍኩት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ለማለት ኮምፒዩተሩ በሚያውቀው ሰዓት ዘጠኝ ብዬ ሞልቼዋለሁ፤ ኮምፒዩተሩም እንደወረደ ልኮታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልጄ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አድጌ፣ ለኢትዮጵያ ገበሬ በኢትዮጵያ ሰዓት ያልሆነ ቀጠሮ ሰጠሁ። እኛ ሁላችን ስልካችን ላይ ዘጠኝ ሲል ሦስት፣ አሥራ አምስት ሲል ዘጠኝ እያልን ቀኑን ሙሉ ስድስት ስንቀንስ የምንውል ሕዝብ ነን። ይህን የሚያህል ሂሳብ አገር በሙሉ በጭንቅላቱ እየሠራ፣ አንድ ፕሮግራመር አንዲት መስመር ጽፎ ቢገላግለው ምን ነበረበት? ያ ፕሮግራመር እኔ ነበርኩ። የንግግሬን ሦስቱንም ክፍል ከነመደምደሚያው ዋጥኩት።

«እኛም ለምን ጠዋት አላለንም እያልን ነበር፤ ከሰዓት ዝናብ ነው» አሉ ሐጂ። ሌላ ምንም አላሉም። ያ ነው የባሰብኝ።

ምዝገባው ተጀመረ። የማኅበሩ ጸሐፊ ቀልጣፋ ወጣት ነው፤ አፑ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ተጭኖለት የስም ዝርዝር ሲያስገባ ከርሟል። «እስቲ ዝርዝሩን እንየው» አልኩ። በፊደል ተራ ተደርድሯል። አባ፣ አባ፣ አባ፣ አባ፣ አባ። ጣቴን ወደ ታች ሳብኩ። አባ። አሁንም አባ።

ጅማ ውስጥ አባ ማለት የስም ጌጥ አይደለም፤ የስሙ ራስ ነው። አባ ቢያ፣ አባ ፊጣ፣ አባ መጫ፣ አባ ገሮ ይባላል። አባትም እንዲሁ፣ አያትም እንዲሁ። የኔ አፕ ደግሞ ሦስት ሳጥን አለው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሙሉ ስም አንድ ላይ ሲገባለት ክፍተት ባየበት እየቆረጠ በየሳጥኑ ይጥላል። ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት አባ ጅፋር አባ ጎሞል ዛሬ ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ወርደው ለመመዝገብ ቢሰለፉ፣ አፔ ስማቸውን አባ፣ አባታቸውን ጅፋር፣ አያታቸውን አባ አድርጎ፣ ጎሞልን የት እንደጣለው ሳይናገር «ተሳክቷል» ይላቸው ነበር።

ይህን ለማስተካከል ላብ ላብ ሲለኝ አንዲት እናት መጡ። ስማቸው በቁቤ ሲጻፍ መሐል ላይ ሁደ አለበት፤ ያቺ ከላይ የምትንጠለጠለው ጭረት። አፑ «ስም ፊደል ብቻ መሆን አለበት» ብሎ መለሳቸው። ጸሐፊው «እትዬ፣ ስምሽ ስህተት ነው ይላል» ብሎ ሳይሰስት አስተረጎመላቸው። ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲጠሩበት የኖሩትን ስም ስህተት ያላቸውን ስልክ ትክ ብለው ካዩት በኋላ እኔን አዩኝ። ስለ ፊደል ጉዳይ የሐጂ ነገርም አለ፤ ጸሐፊው «ሀጂ» ብሎ ያስገባውን እኔ «ሐጂ» ብዬ ብፈልገው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ተባልኩ፤ ሰውዬው አጠገቤ ቆመዋል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ በሠራው ፊደል የተጻፈ ሌላው ኮምፒዩተር ላይ የጉንዳን ሰልፍ ይሆን ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ስንት ደክመው ያስገቡልንን ሀን፣ ሐን እና ኀን፣ እኔ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ለማሽኑ መንገር ረሳሁ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ እባካችሁ ለአስተማሪዬ አትንገሩብኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ቢያንስ አንድ ማሳ ለክተን እናሳይ ተባለ። የሐጂ ተመረጠ። ሸኪ ደጋ ናት፤ ቡናው ያለው ወረድ ብሎ ነው። «ቅርብ ነው» አሉኝ። የገጠር ቅርብ ምን ያህል እንደሆነ ለማታውቁ፣ አትወቁ።

ጫማዬን ልንገራችሁ። ነጭ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ጫማው የሚባል የለም። ሐጂ በዘንጋቸው ጭቃውን እየነኩ እንደ ፍየል ይወርዳሉ፣ እኔ ላፕቶፑን በሆዴ አቅፌ፣ ስልኩን በቀኝ እጄ ወደ ሰማይ ዘርግቼ እከተላለሁ። ማሳው ሲደረስ ሰማይ የለም። ከላይ ዋንዛና ሰሳ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተያይዘው፣ ሥራቸው ቡናው ጥላውን ለብሶ፣ ፍሬው ገና ዳር ዳሩን መቅላት ጀምሯል። ለቡናው ገነት ነው። ለጂፒኤስ ግን ጉድጓድ ነው። ሳተላይቱ እኔን ለማግኘት የዋንዛ ቅጠል መግለጥ አለበት። እኔ በአጥሩ ጥግ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ስልኩ ላይ ግን አንዴ ጎረቤት ማሳ እዘላለሁ፣ አንዴ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ አንዴ ወንዝ ውስጥ ነኝ። ዞሬ ስጨርስ የተሣለው ነገር የሰከረ ሸረሪት ድር ይመስላል። «እንደገና እንዙር» አልኩ። ዞርን። ሁለተኛው ዙር ላይ ወደቅሁ። እንዴት እንደወደቅሁ ብትጠይቁኝ ባለሙያ ነኝና በዝርዝር እነግራችኋለሁ፦ መጀመሪያ ግራ እግሬ ሄደ፣ ከዚያ እኔ ሄድኩ፣ ላፕቶፑን ላድን ስልኩን ለቀቅሁ፣ ስልኩን ልያዝ ላፕቶፑ ላይ ተኛሁ። ከኋላ የተከተሉን ልጆች እስከዚያ ድረስ በጨዋነት ዝም ብለው ነበር።

ሐጂ እጄን ይዘው አነሡኝና፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ነው መሰለኝ፣ ወደ አንድ የቡና ግንድ እያመለከቱ ያወጉኝ ጀመር። «ይኼ ሰባ አራት አንድ መቶ አሥር ነው። ያኛው የአባቴ ነው፣ የድሮው።» 74110 የጅማው ግብርና ምርምር፣ መልኮ ያለው፣ ያወጣው ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያጠቁረው፣ ተመራማሪዎች በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ከየጫካው ፈልገው ቁጥር ሰጧቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ የቀረው የዛፉ ተራ ቁጥር። ከአምስት ዓመት በኋላ ለገበሬ ተሰጠ። እኔ ጭቃ እያንጠባጠብኩ በቅናት ሰማሁ። አምስት ዓመት ፈትነው ለቀቁት፤ ይኸው ግማሽ ምእት ዓመት ሊሞላው አፕዴት ሳይጠይቅ ያፈራል። የኔ ሥራ ሦስት ሳምንት ተሠርቶ አንድ ከሰዓት አልዘለቀም።

ሦስተኛውን ዙር ልጀምር ስል ጸሐፊው አንገቱን አከከና «ወንድሜ፣ የሐጂ ማሳ እኮ ሁለት ጥማድ ነው» አለኝ። «እና?» አልኩት። «በሥልጠናው ላይ፣ ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ዙሪያው የሚለካው ከዚያ በላይ ለሆነ ነው ብለውን ነበር።»

እውነቱን ነው። ሕጉ እንዲያ ነው የሚለው፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ሁለት ጥማድ ደግሞ ግማሽ ሄክታር ነው። ቤታቸው በራፍ ላይ ቆሞ፣ ሰማዩ በሚታይበት፣ አንዴ ጫን ማድረግ ይበቃ ነበር። ታዲያ ዙሪያውን የሚያስዞር ነገር ለምን ሠራሁ? ዙሪያ መዞሩ ስለሚያምር ነዋ! ካርታ ላይ መስመሩ እየተሣለ ሲሄድ ደስ ስለሚል ነዋ! የእኛ ሙያ በሽታ ይኸው ነው፤ በር ክፈቱ ብንባል በሩን የሚያዘፍን ቁልፍ እንሠራለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ፤ እኔ የተበደርኩት ጭቃ ነው።

አንዱን ነጥብ በራፉ ላይ ያዝን። «ተሳክቷል» አለ። ወደ ቤት ገባን። እሳት ተለኩሷል፣ ቡና ቀላ ቀርቧል፤ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ታሽቶ የሚቀርበው። «ቡነ ዹጋ» ተባለ፣ ጠጡ ማለት ነው፤ ከጠዋት ጀምሬ የጠጣሁት ሲኒ ቁጥር ከአንድ እጅ ጣት ካለፈ ቆይቷል፣ ግን እንዴት እምቢ ይባላል? ቤቱ በጎረቤት ሞላ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ክብሬን የማስመለስ ሐሳብ መጣልኝ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ ተርፏል። «ሐጂ፣ ማሳዎ ከሰማይ ሆኖ ሲታይ ላሳይዎ» አልኩ። ከጸሐፊው ስልክ ኔትወርክ ተዋስኩ፣ አፑ ያወጣውን ፋይል ካርታው ላይ ጣልኩት። ያቺን ያልከፈትኳትን ፋይል።

ካርታው ቀስ እያለ፣ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን፣ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው ሰማያዊ ነው።

«ጎጀብ ነው?» አሉ ሐጂ። ወረዳው በደቡብ በኩል እስከ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳልና ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነው።

«መሆን አለበት» አልኩ።

ሰማያዊው ሰፋ። ደግሞ ሰፋ። ጎጀብ እንዲህ አይሰፋም። ከዚያ የባሕር ዳርቻ መጣ፣ ከዚያ ከተማ፣ ከዚያ ስም። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከትከሻዬ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ አነበበው። «አናባ።» ትንሽ ቆየና «አልጄሪያ» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቱ ብቻ ጠጠጥ ይላል። ሐጂ መነጽራቸውን አስመጡና ተጠግተው አዩ። ቀይዋ ነጥብ ከሜዲትራኒያን ባሕር ብዙም ሳትርቅ ቁጭ ብላለች። ከሷ በላይ ስማቸው፤ አባ ተብለው።

«የኔ ነው?»

«አዎ… ማለት…»

«ቡናው አሁን እዚያ ነው ያለው?»

«አይ፣ ሐጂ፣ ቡናው እዚህ ነው፣ ፋይሉ ነው…»

«ታዲያ የዘንድሮውን ግብር ለማን ልክፈል?»

ቤቱ ፈረሰ። እኔም ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የተባለው ትዝ አለኝ። ቁርበቱ ተነጥፎልኛል፣ ዘርፋፋ ቁርበት፣ መሐሉ ላይ ተቀምጫለሁ። በዚህች ሰዓት አንድ ሐቀኛ ሰው «ስህተቱ የኔ ነው» ይላል። እኔ «ኔትወርኩ ይሆናል» አልኩ። የአብዬን ወደ እምዬ። ጸሐፊው ሳይስቅ «ኔትወርክ አገር ይቀይራል?» አለኝ። እንደገና ሳቅ።

ያጠፋሁት ምን መሰላችሁ? ሁላችሁም ትምህርት ቤት ኬክሮስና ኬንትሮስ ተምራችኋል። እኔ ያኔም ይምታቱብኝ ነበር፤ ስማቸው መንትያ ሆኖ ማን ይለያቸዋል? ደዶ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ከምናምን፣ ወደ ምሥራቅ 36 ዲግሪ ከምናምን ላይ ነው። ሰው ሲናገር የሰሜኑን ያስቀድማል፣ ስልኩም እንዲሁ። ፋይሉ የሚጻፍበት ጂኦጄሶን የሚባለው ሥርዓት ደግሞ የምሥራቁን አስቀድሙ ይላል። እኔ እንደ ሰው ጻፍኩት። ሰሜን 36፣ ምሥራቅ 7 ብላችሁ ብትጓዙ የአናባ አካባቢ ያደርሳችኋል፤ የደዶ ማሳ በሙሉ ቢመዘገብ በሙሉ እዚያ ይሰፍር ነበር። ይህ ጥፋት እኔ የጀመርኩት እንኳ አይደለም፤ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ በየተራው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። እኔ ግን ለይቶልኝ ሽማግሌ ይዤ ነው የገባሁት። ደግሞ ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ነጥቧ እንደዚያው አውሮፓ ብትሄድ፣ የሐጂ ቡና ደን መንጥሮ እንደሆነ ለማወቅ ሳተላይቱ የሚያየው የአልጄሪያን ጋራ ነው።

«ምንድን ነው የሆነው?» አሉ ሐጂ፣ ሳቁ ሲበርድ።

«በግ ገብቶበት ነው» አልኩ። ስህተትን እኛ በግ ነው የምንለው፣ ከእንግሊዝኛው ወስደን።

ሐጂ ወደ በሩ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሁለት ልጆች ብድግ ብለው ወጡ። የማን በግ ማሳቸው ውስጥ እንደገባ ሊያዩ ነው።

ሲመሽ ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና የለም። ስልኬ ሞተ። ፓወር ባንኩ ሙሉ ነው፣ ግን የድሮ ነውና የሚቀበለው ገመድ ጅማ አልጋዬ ላይ ቀርቷል፤ ከያዝኳቸው ገመዶች አንዱም አይገባበትም። ያቺው አውሮፓ በ2024 መጨረሻ ስልኮች ሁሉ በአንድ ዓይነት ገመድ ይሞሉ ብላ የደነገገችውን፣ ያን ሕጓን ሲሆን ነው ማንበብ የነበረብኝ። ሁለተኛው ስልኬ የወደቀው ነው፤ ሦስት ካሜራ አለው፣ ሦስቱም ጭቃ ያያሉ። ሐጂ ስልካቸውን በስንት ቀን አንዴ ቻርጅ እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው «ከጁምዓ እስከ ጁምዓ» አሉኝ። ሬዲዮም አላት፣ ባትሪም አላት። የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ሲል የቤቱ መብራት ጠፋ፤ በዚያች ባለ ላስቲክ ስልክ ባትሪ ብርሃን፣ ሐጂ ራሳቸው ከትከሻዬ በላይ ይዘውልኝ፣ ኮዱን ከፈትኩ። ጥፋቱ አንድ መስመር ላይ ሁለት ቃላት ናቸው። የፊተኛውን ወደ ኋላ፣ የኋለኛውን ወደ ፊት አደረግሁ።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«ይቺን ለመሥራት ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው?»

ነጥቧ ደዶ ተመለሰች። ሌሊቱን በሐጂ ጋቢ ተጠቅልዬ እየተገላበጥኩ ሳስብ፣ ያ የቢሯችን የመኪና ማቆሚያ ትዝ አለኝና ቀስ ብዬ ሂሳቡን ሠራሁት። አዲስ አበባ ሰሜን 9፣ ምሥራቅ 38 ከምናምን ነው። ሲገለበጥ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ፣ ባሕር ውስጥ ነው። ለካ ያ ጥበቃ የወደቀብህ ነገር አለ ወይ ያለኝ ወዶ አይደለም።

አሁን አፑ ይሠራል። ሦስቱን ሳጥን አንድ አድርጌዋለሁ፣ ሁደውም ይገባል፣ ሀም ሐም ይገናኛሉ፣ ቀጠሮውም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ይላል። በወሩ ገደማ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ለቀማው ተጠያየቅን። ከዚያ ድምፃቸውን ቁም ነገር አድርገው፣

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው። አልጄሪያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ወረቀት ሳብኩ። «ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፣ ሐጂ። እኛ አሁን ስምንት ከሆነ፣ እዚያ… በእኛ አቆጣጠር ስድስት ማለት ነው፤ በእነሱ ደግሞ አሥራ ሁለት። ለምን ፈለጉት?»

ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የሐጂ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ የጸሐፊው ድምፅ፣ ቀጥሎ ያች ቡና የሚያፈሉት ሴትዮ መሰሉኝ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ።